አረንጓዴው መዝገብ ለብቻው ያድር ነበር

ሥራ በለቀቅኩ ዕለት ሦስት ቁልፍ ይዤ ንብረት ክፍል ገባሁ። የመዝገብ ቤቱን በር ቁልፍ ተቀበሉኝ። የትልቁን ቁም ሳጥን ቁልፍም ተቀበሉኝ። ሦስተኛውን ግን ልጅቷ አገላብጣ አየችና «ይሄ የምን ነው፣ እማማ?» አለችኝ።

«የአረንጓዴው መዝገብ።»

ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። «እንደዚህ የሚባል ንብረት የለም።»

«ነበረ።»

«አሁን የለማ። የሌለ ነገር ቁልፍ ደግሞ አልረከብም። ይውሰዱት በቃ።»

ወሰድኩት። በክር አድርጌ ከማተቤ ጎን አሰርኩት። የልጅ ልጄ «እማዬ፣ ምን ይከፍታል?» እያለች ስትጠይቀኝ ኖራ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ለእሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሰው ስም በእጁ ለሚያልፍ ሁሉ።

ስሜ አስካለ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ አካባቢ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ የቱ እንደሆነ አልናገርም። መጀመሪያ የገባሁት ወለል ልወለውል ነው። ደሞዜን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ይለፈን።

መዝገብ ቤቱን የሚይዙት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ቀጭን፣ ሳል የማይለቃቸው ሰው። ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ መስኮቱም የሚያየው የጎረቤት ግንብ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀንም ቢሆን እዚያ ቤት ገና ሊነጋ ያለ ይመስላል። አንድ ቀን ስወለውል ጋሽ ደምሴ የአንድ ተጠርጣሪ ስም እየጠየቁ ሲጽፉ ሰማሁ። ከመወልወያዬ ቀና ሳልል «ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሲመጣ ስሙ ሌላ ነበር» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

«የግራ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል። ስሙን ይቀያይር እንጂ ጆሮውን ከየት ያመጣል?»

ሰውየው ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ። ጋሽ ደምሴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ወር ሳይሞላ መወልወያውን ተቀብለው ብዕር ሰጡኝ።

እሳቸው ያስተማሩኝን የትም ትምህርት ቤት አያስተምሩትም። ሰው ፊታቸው ሲቆም መጀመሪያ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ከዚያ «በምን መጣህ?» ይላሉ። ተጠርጥሮ ነው? ተበድሎ ነው? ሊመሰክር ነው? ዋስ ሊሆን ነው? ያ ሳይታወቅ ስም አይጻፍም። ቀጥሎ የእናቱን ስም ይጠይቃሉ። «በዚህ ከተማ ከነአባቱ ከነአያቱ ስሙ የሚገጥም ሰው ሞልቷል» ይሉኝ ነበር። «እናቱን ጠይቂ። ሌባም ቢሆን በእናቱ ስም መዋሸት ይከብደዋል።» ቀኑ ሲያልቅ የጻፍነውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ሰው ስሙ ሲጠራ መልኩ ካልመጣልሽ የጻፍሽው ስህተት ነው» ይላሉ።

መዝገቦቹ ሁለት ነበሩ። በጥቁሩ ውስጥ ተጠርጣሪዎች ይጻፋሉ። በአረንጓዴው ውስጥ ደግሞ ዋሶች፣ ማለትም መታወቂያቸውን አሲዘው፣ ፈርመው ሰው የሚያስወጡ። ሁለቱ በአንድ ቁም ሳጥን አያድሩም፤ ቁልፎቻቸውም በአንድ ቀለበት አይገቡም። እኔ የሽማግሌ ጣጣ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አንድ ላይ ያሳድራቸው ነበር» አሉኝ። «በክረምት ጣሪያው አፈሰሰና መጻሕፍቱ ተጣበቁ። ሲላቀቁ የአንድ ዋስ ስም ቀለሙ ጥቁሩ መዝገብ ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታይ። የራሰውን ገጽ በአዲስ ወረቀት እንዲቀዳ የታዘዘው ጸሐፊ ስሙን አቃንቶ ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ጻፈው። ሄደው ሰውየውን አመጡት።»

«ከዚያስ?»

«ዘመኑ ‹ከዚያስ› የሚባልበት አልነበረም።» ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «የገባና ያስወጣ አብረው አያድሩም፣ አስካለ።»

በአረንጓዴው መዝገብ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስም የጋሽ ሰይድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅም አልነበራቸውም። የሰፈሩ ልጅ በጠብ፣ በኳስ፣ በመስታወት ሰበራ በተያዘ ቁጥር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይመጣሉ።

«አንተ ሰው፣ ለስንቱ ነው የምትፈርመው?» ይሏቸዋል ጋሽ ደምሴ።

«ዩኒፎርሙን ለሰፋሁለት። ልኩን አውቀዋለሁ። ልኩን የማላውቀውን አምጣና እምቢ ስል ታየኛለህ።»

ልጁ ከቀጠሮው ከቀረ ሱቃቸውን ዘግተው ፍለጋ ይወጣሉ፤ በጆሮው ይዘውት ይመጣሉ። በእኔ ዕድሜ አንድም ያስወጡት ልጅ ጠፍቶ አልቀረም።

አንድ እሁድ ከስታዲየም ሲመለሱ ድንጋይ ከተወራወሩ ልጆች ጋር የእኔ ዳዊት ተይዞ መጣ። ጋሽ ደምሴ ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ፤ «የገዛ ልጅሽን አትጽፊም።» ከዚያ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ ልጄን እንደማንም «የእናትህ ስም?» አሉት። ዳዊት ወለሉን እያየ «አስካለ» አለ። እኔ የጣቢያው ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋስ መሆን አልችልም። ማንንም ሳልልክ ጋሽ ሰይድ ከተፍ አሉ። ፈረሙና ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው «እጁ አድጓል አስካለ፣ እጅጌው ይርዘም» አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ዳዊት ታሞ ሲሞት የልጅ ልጄን የመጀመሪያ ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ቁልፎቹ ለእኔ ቀሩ። ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ የሚጮህ ነበር፣ አንዱ የሚጸልይ፣ አንዱ መስኮቴን ሊያስፋልኝ ቃል ገብቶ የተዛወረ። ቀበሌዎቹ ተዋሃዱ፣ የቤት ቁጥሮች ተቀያየሩ፣ ካዛንቺስም ከአንድ ወገን መፍረስ ጀመረ። የሰዎቹ አድራሻ በመዝገቤ አለ፣ ቤቱ ግን የለም።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። የጣቢያዎችን መዝገብ፣ የስልኩን፣ የመኪናውን፣ የቀበሌውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። በቢሮ ስሙን «አገናኙ» አሉት። የሚያዘው ብሩክ የሚባል ወጣት መርማሪ ነበር። የጨዋ ልጅ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ቦርሳዬን የሚቀበለኝ።

ማሽኑን አላማም። በአንድ ወቅት ከስታዲየም እስከ ኡራኤል የሴት ቦርሳ የሚነጥቁ ሁለት ሰዎች ሰፈሩን አስለቅሰውት ነበር። አንዱ ጣቢያ የሞተር ሳይክሉን ታርጋ ግማሹን ያውቃል፣ ሌላው ስልኩን፣ እኛ ደግሞ ቅጽል ስሙን። ለየብቻ ሲሆን ሁሉም ምንም ነው። አገናኙ ጠዋት ተጠይቆ ምሳ ሳይደርስ ሁለቱን በስም ጠራቸው። ከተያዙም በኋላ ቦርሳዎቹ ቤታቸው ተገኙ። «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄን ባዩ» አልኩ በሆዴ።

ቀጥሎ የድሮዎቹ መዝገቦች ሁሉ ይግቡ ተባለ። ኮምፒዩተር የማይችል ሠራተኛ ይዛወራል የሚል ወሬም ተነዛ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በሁለት ጣት መተየብ ተማርኩ፤ ጥቁሩን ጨረስኩ፣ አረንጓዴውን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ «ግንኙነት» የሚል ሳጥን አለ፤ ሲጫኑት ምርጫ ይዘረግፋል፦ ተጠርጣሪ፣ ተበዳይ፣ ምስክር፣ ተያያዥ። ዋስ የለም። ለእናት ስምም ቦታ የለም።

«ብሩክ፣ ዋስ የቱ ጋ ነው የሚገባው?»

«ተያያዥ ይበሉት፣ እትዬ።»

«ዋስ ተያያዥ ነው?»

«ማለቴ ዞሮ ዞሮ ይተዋወቃሉ አይደል? በቃ ተያያዥ ነው። ሪፖርቱ ዓርብ ይፈለጋል።»

እጄ ቆመ። የጋሽ ደምሴ ሳል ከበስተጀርባዬ የተሰማኝ መሰለኝ፤ ዞር ስል ግንቡ ነው። ያኔ ብነሳና ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ብጮህ ኖሮ «ዋስ» የሚል ምርጫ ያበጁልኝ ነበር፤ ጮኼ ያላስለወጥኩት ነገር ጥቂት ነው። ግን ከሁሉም ቀድሜ መጨረስ አማረኝ። ዓርብ ከመድረሱ በፊት የአረንጓዴውን ሰዎች በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ «ተያያዥ» እያልኩ አስገባሁ። ጮክ ብዬ ሳላነብ። «አሮጊቷ ጨረሰች!» ተብሎ ተጨበጨበልኝ፣ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ስገባ የአረንጓዴው መዝገብ ቁም ሳጥን የነበረበት ቦታ ወለሉ ብቻ በአራት ማዕዘን ነጥቶ ቀርቷል። መዝገቡ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጭኖ ሄዷል።

ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ካዛንቺስ ውስጥ ቤት ሰርስረው የሚገቡ ሌቦች ተነሱ። የአንዱ ስም ተገኘ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብሩክ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ይምጡማ፣ የሚገርም ነገር ላሳይዎ።»

ስክሪኑ ላይ የሌባው ስም ለብቻው ነበር። ብሩክ አንድ ነገር ተጫነ። ከስሙ ቀጭን መስመር ወጣ፤ መስመሩ ሄዶ ሌላ ስም ነካ። ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ስሞች ከየጥጋቸው እየተንቀሳቀሱ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ቦታ ሲይዝ፣ ለቀስተኛ ድንኳን ሲገባ ይመስላል። ሲረጉ ክብ ሠሩ። በክቡ መሃል ፊት የሌለው ግራጫ የሰው ጭንቅላት ተቀመጠ። ፎቶ ያልተገኘለት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚታየው። ከሠላሳ በላይ መስመር ከእሱ ይወጣል። ከሥሩ «ሰይድ» ይላል።

«ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚሄዱት» አለ ብሩክ፣ ድምፁን ቀንሶ። «ይሄን ሁሉ ዓመት። ራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተጠርጥሮ አያውቅም። አንድም መዝገብ የለበትም። የሚያስፈራው እሱ ነው፣ እትዬ። ይሄን ያህል ንጹሕ ሰው የለም።»

ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ድሮ ባላነበብኩት ፈንታ ያኔ አነበብኩ። የፈረሰው ሰፈር ልጆች ናቸው፤ አድራሻቸው የሌለ ቤት፣ የሌለ በር። ከክቡ ጠርዝ ላይ አንዱ ስም ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ዳዊት። ከጎኑ «አልተገኘም» ይላል። ልጄን እየፈለገው ነበር።

«ዋስ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ ሰይድ ዋስ ናቸው፣ አንተ! ያንን ሌባም በልጅነቱ ያስወጡት በዋስነት ነው!»

«እዚህ ላይ ዋስ አይልም፣ እትዬ።» አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያስገቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«በል ሱቃቸው ሄጄ ይዣቸው ልምጣ፣ ራሳቸው ይንገሩህ።»

ብሩክ ስክሪኑን አየ። «ጠዋት ነው የመጡት። ታች ናቸው።»

ወረድኩ። ጋሽ ሰይድ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውና ሜትራቸው ተወስዶባቸዋል። ያለ ሜትር አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ አንገታቸው የሌላ ሰው አንገት መሰለኝ።

«አስካለ፣ የጠየቁኝን ሰማሽ? ‹የስንቱ አለቃ ነህ› ነው የሚሉኝ። ማነው እንደዚህ ብሎ የጻፈኝ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ልክ እንደሚለኩ ነው ያዩኝ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ። «አይ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ጮህኩ። «ማስረጃው የታለ?» አለኝ። ማስረጃው አረንጓዴው መዝገብ ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዳኛዋ በሰው ዋስ ይውጡ አለች፤ ነገር ግን ዋሱ ከመዝገቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ይሁን አለች። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው።

በማግስቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ወሬው ደርሷቸው ከየተበተኑበት መጡ፤ የታክሲ ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ ዲያቆኑ፣ የባንክ ጥበቃው። ሁሉም ጋሽ ሰይድ ልካቸውን የሚያውቋቸው ናቸው። ብሩክ መታወቂያ ይቀበላል፣ ስም ይጽፋል፣ ቀና ይላል። «ይሄም አለ።» ቀጣዩን ይጽፋል። «ይሄም አለ።»

«ወንድም፣ እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ!»

«ሲስተሙ ውስጥ አሉ። ተያያዥ ነዎት።»

«የማን ተያያዥ?»

«የእሳቸው።»

እሳቸው ዋስ የሆኑለት ሁሉ ለእሳቸው ዋስ መሆን አይችልም። ቀሪው ሰፈር ደግሞ ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ሄዷል፤ የማያውቅ ሰው አይፈርምም። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ ገባኝ። መሃላቸው ኖሬ፣ ሁሉንም ጽፌ፣ ያልተጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጸሐፊ ራሷን አትጽፍም። ለእናት ስም ቦታ ስላልነበረው ማሽኑ የዳዊት እናት መሆኔን አያውቅም። የሚከለክለኝ የጣቢያው ሠራተኛ መሆኔ ብቻ ነው።

ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። «ልልቀቅ።»

«ሦስት ወር እኮ ነው የቀረዎት፣ ወይዘሮ አስካለ። ጡረታዎን በሰላም አይወጡም?»

«ሦስት ወሩን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ወረቀቴን ዛሬ ይፈርሙልኝ።»

ለቁልፎቹ ያን ዕለት ነው ንብረት ክፍል የሄድኩት። ከዚያ በዋናው በር ወጣሁ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ፣ ተመልሼ እንደማንም ተፈትሼ ገባሁ። የቀበሌ መታወቂያዬን ብሩክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«በምን መጣሽ በለኝ» አልኩት።

«እትዬ…»

«በለኝ!»

«በምን መጡ?»

«ዋስ ልሆን። ዳዊት ደግሞ ልጄ ነው። ደብቄ አልፈርምም፤ ታውቀዋለህ።»

ስሜን ጻፈ። ጠበቅን። ብቻዬን ነጩ ስክሪን ላይ ቆምኩ፤ አንድም መስመር አልመጣም። ብሩክ ቀይዋን የልጄን ስም አየ፣ እኔን አየ። «ሲስተሙ ምንም ግንኙነት የላችሁም ይላል» አለ ቀስ ብሎ፣ ማህተሙንም አነሳ።

«ቆይ። ‹ተያያዥ› ብለህ አታስገባኝም።»

«ሌላ ምርጫ የለውም እኮ። ግን… ከታች ማስታወሻ የሚባል አለ። ማንም አያነበውም እንጂ።»

«እዚያ ጻፈው። የእኔን ስትጨርስ የሠላሳዎቹንም።»

ሁሉንም ጻፈው። ከዚያ በፊት ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ይመስል አመሸ። ዳዊት ጋ ሲደርስ «ምን ልበል?» አለኝ። «ሞቷል በል። የሚፈልገው ይረፍ።» ብልጭታው ቆመ።

ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን ተቀብለው ወጡ። የቤት ሰርሳሪዎቹ ጉዳይ በሌላ በኩል ተፈታ፤ እሳቸውን የጠቀሰ አልነበረም። አብረን እስከ ኡራኤል በእግር ሄድን። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት «ተይ» አሉኝ። ሱቃቸው ደጃፍ አንዲት እናት እየጠበቀቻቸው ነበር፤ ልጇ ተይዞባት። ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉት። «ልክ መለካት ትቻለሁ፣ እህቴ» አሏት። ሱቁን ዘግተው ሩቅ ሄዱ፤ ዳግመኛም ለማንም አልፈረሙም። ያጠፋሁት ይሄን ነው። መውጣታቸው አልመለሰውም።

ሴትየዋን «ልጅሽ ማነው? ነይ» አልኳት። ተመልሼ ፈረምኩ። ከዚያ ለሌላ። ከዚያ ለሌላ።

መርካቶ ሄጄ አንድ ቁልፍ ሠሪ «ይሄ ቁልፍ የሚገባበት የበር ጋን ሥራልኝ» ስለው ሳቀብኝ፤ «ሰው ለበሩ ቁልፍ ያሠራል እንጂ ለቁልፍ በር ያሠራል?» ግን ሠራው። ከጣውላ ሳጥን ላይ አስገጠምኩት። ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ልባስ ያለው ደብተር አለ፤ ያስወጣሁት ሰው ሁሉ፣ በምን እንደመጣና ከነእናቱ ስም። ማታ ማታ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ መልካቸው ይመጣልኛል። የልጅ ልጄ ሆይ፣ ቁልፉ የሚከፍተው ይሄን ነው።

ብሩክ ተዛውሯል። ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ስልክ ደወለ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፣ ትሑት።

«ወይዘሮ አስካለ ነዎት? ከፖሊስ ጣቢያ ነው። አንድ መዝገብ እያየሁ ስምዎ ከብዙ ሰው ጋር ስለወጣ… ለጥያቄ ቢመጡልን ብዬ ነው።»

«የት ላይ ነኝ፣ ልጄ? መሃል ላይ?»

«አዎ። መሃል ላይ።»

«ፊት አለኝ?»

«ይቅርታ?»

«ግድ የለም። መጣሁ። እስክደርስ ብዕርሽን አስቀምጪ።»

ክሩን ከአንገቴ ፈታሁና ሳጥኑን ከፈትኩ።